ስለ ቱቦው ለክቡር ሚኒስትሩ የቀረበ ጥያቄ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፦ ከወረታ ወደ ጎንደር የሚያልፈውን መንገድ በፎገራ ሜዳ ላይ ሲደለድሉ፣ የውሃ ማሳለፊያውን ቱቦ ውሃ ደርሶበት በማያውቅ፣ ግራር በበቀለበት ጉብታ ሥር ቀበሩት። ውሃው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚወርድበትን ጎድጓዳ ግን በድንጋይና በአፈር ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ቱቦው ደረቅ፣ እኛ እርጥብ። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሦስት ዓመት ስለ ፈጀብኝ ሳልናገረው አልተወውም።

የፎገራን ውሃ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእኛ ውሃ ጠላት አይደለም፤ እንግዳ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ እኛም ከብቱን ወደ ደጋው ሰደን፣ ታንኳችንን ከቤታችን ምሰሶ አስረን እንጠብቃለን። መስከረም ሲጠባ ውሃው፣ ሥርዓት እንደሚያውቅ እንግዳ፣ ሳይነገረው ተነሥቶ ወደ ጣና ይሄዳል። የሚተወው ጥቁር ዋልካ እንደ ቅቤ የራሰ ነው። በዚያ ላይ ሽምብራና ጓያ ብትበትኑበት አንድ ጠብታ ዝናብ ሳያምራችሁ ትሰበስባላችሁ። እንግዲህ መንገዱ እንደ ቅጥር ተጋድሞ በሩን ሲዘጋበት እንግዳው ምን ያድርግ? እስከ ታኅሣሥ ተቀመጠብን። የመዝሪያው ጊዜ አለፈ። ከመንገዱ ወዲህ ያለነው ሰጠምን፤ ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ደግሞ ውሃው ቀረብን፣ መሬታችን ተሰነጠቀ ብለው ጮኹ። በአንድ ሜዳ ላይ ግማሹ በውሃ ግማሹ በጥም ሲያልቅ ያየሁት በእኔ ዕድሜ ነው። ቱቦው? ቱቦውማ የጎረቤቴ ፍየሎች ቀትር ላይ ያርፉበታል። አንዲት ውሻ ሁለት ጊዜ ወልዳበታለች። ውሃ ግን አላየም።

ልጄ አዱኛ በመጀመሪያው ዓመት ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት ሞፈሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ለእንቁራሪት አላርስም» አለኝ። «ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ሑመራ እወርዳለሁ። ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ይፈልጋሉ አሉ።» አራት ልጆች አሉት። አራቱንም ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ። ቆላ ወርደው በንዳድ ሲያልቁ እዚህ ሆኜ መርዶ እንድጠብቅ ነው? «ቆይ» አልኩት፣ «አስጠይቃለሁ።»

በማን ነው የማስጠይቀው? የሟች እህቴ ልጅ ግራዝማች አላምረው የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጦ ነበራ! የመረጥነው እኛው ነን። ማንበብ ለማይችለው ሰው ሲባል ለየተወዳዳሪው ሥዕል ተሰጥቶ ነበርና የእሱ ምልክት ጃንጥላ ሆነ። በውሃ የሰጠመ ሕዝብ ጃንጥላ መምረጡ ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ፤ የተፎካካሪው ምልክት ግን ዓሣ ስለ ነበር ጨክነን ዓሣ መምረጥ አልሆነልንም። አላምረው ሲመረጥ ገበያ መሐል ቆሞ፣ «ጥያቄያችሁን አዲስ አበባ ወስጄ ሚኒስትሮችን ፊት ለፊት እጠይቃለሁ!» ብሎ ምሏል። ሰው በእልልታ ረሳው። እኔ እልል ስል ጆሮዬ አይደፈንም።

ስለዚህ የቱቦውን ነገር ነገርኩት፤ ሄደ። ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ ተመለሰ። ውሃው እስከ ጉልበቴ እየደረሰ ወረታ ከተማ እቤቱ ድረስ ሄድኩ። አዲስ ካፖርት ለብሷል።

«ጠየቅህልኝ?»

«ጠየቅሁ እንጂ እቴቴ!»

«ምን አሉ?»

«አጨበጨቡ።»

እኔ በሕይወቴ ለጥያቄ ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ያጣላል። «ያልከውን እንዳለ ንገረኝ» አልኩት። ተነሣና ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። በመጀመሪያ ዙፋኑን አመሰገነ። ከዚያ የምክር ቤቱን ፕሬዚዳንት አመሰገነ። ከዚያ ሚኒስትሩን አመሰገነ። ከዚያ ስለ መንገዱ መሠራት የፎገራን ሕዝብ ወክሎ አመሰገነ። ከዚያ ስለ ፎገራ ላሞች ወተት ብዛት ተናገረ። እግሬ ከውሃው ገና አልደረቀም፤ እሱ ስለ ወተት ያወራል።

«አላምረው፣ ቱቦውስ?»

«ቱቦው መጨረሻ ላይ ነበር።»

«እሺ፣ መጨረሻውን በል።»

«መጨረሻው ላይ ሳልደርስ ደወል ተደወለ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ የተወሰነ ነው እቴቴ።»

አያችሁ? በፎገራ ሕዝብ ስም ስለ በደላችን ምስጋና አቅርቦ መጣ! እሾህ የወጋው ሰው እሾሁን ሲስም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ዓመት ሽምብራ ቀረ። አዱኛ አህያ ማፈላለግ ጀመረ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል ለይቼ ዳዊት ጀምሬ ሳለሁ ዳሩኝ። ሙግት ግን አውቃለሁ። አባቴ በአገሩ የታወቀ ተሟጋች ነበር፤ ምላሱን የሚፈራ እንጂ ጎራዴውን የሚፈራ አልነበረም። ዳኛ ከተቀመጠበት ዋርካ ሥር ምሳውን እያደረስኩ እሰማው ነበር። ድሮ ሰው ሲጠየቅ እንደ ዛሬ በምስጋና አያመልጥም። ጠያቂው ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ዘርግቶ «ተጠየቅ!» ይላል። ተከሳሹ ሳይወድ በግዱ «ልጠየቅ!» ይላል። መልሱ ካልጣመ «በማር እሰጥ!» ብለህ ትወራረዳለህ። ሊሸሽ ካማረው ደግሞ «ዋስ ጥራ!» ትለዋለህ፤ ዋስ ሳይጠራ ንቅንቅ የለም። የዘንድሮ ምክር ቤት ይህን ሳያውቅ ነው ሚኒስትር የሚጠይቀው?

ጥቅምት ላይ አላምረው ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ላሰለጥነው ቆረጥኩ። የማሰለጥንበት ቦታ የአቶ ኑሩ ሱቅ ሆነ። ኑሩ ወረታ ገበያ ዳር ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ ይሸጣል፤ በአውቶቡስ የሚሄድና የሚመጣ ደብዳቤም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ሰውም ነገርም አይጠፋበትም።

«ኑሩ፣ ለዛሬ ሚኒስትር ነህ» አልኩት።

«እኔ ጨው ሻጭ ነኝ እማማ!»

«ጆንያው ላይ ተቀመጥና ሚኒስትር ሁን አልኩህ።»

ተቀመጠ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ አገጩን ቀና፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አደረገ። አላምረው እያፈረ ዘንጌን ተቀብሎኝ ዘረጋው።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ።»

«ቱቦው ስለ ምን ከግራሩ ሥር ተቀበረ?»

ኑሩ ጢሙን አሻሸ። «በመምጣት ላይ ነው።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

«መልሱ ነዋ! ከአስመራ ተጭኗል።»

«መቼ ይደርሳል?»

«መንገዱ ሲስተካከል።»

«የምጠይቅህ እኮ ስለ መንገዱ ነው!»

«እንግዲያው ማክሰኞ ብቅ ይበሉ» አለና ኑሩ ከጆንያው ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘ።

ስኳር ፍለጋ ስንት ማክሰኞ እንደ ተመላለስኩ ትዝ አለኝ። «አንተ ዋሾ!» ብዬ ዘንጉን ከአላምረው ነጠቅሁት። ኑሩ ከጆንያው ዘሎ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደበቀ። «እማማ፣ ሚኒስትሩ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ!» ይላል። ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንዷ ሴትዮ ጨው ሰርቆብኝ መስሏት፣ «ይበሉት፣ የእኔንም ሚዛን አጉድሎብኛል!» እያለች ታበረታታኝ ጀመር። አላምረው በካፖርቱ ፊቱን ሸፈነ።

የሆነው ሆኖ ተማረ። «ምስጋና አታብዛ» አልኩት ሲሳፈር። «በአንድ ትንፋሽ ጠይቅ። ካልመለሰልህ ተወራረድ። ካመለጠህ ዋስ አስጠራ።»

«እቴቴ፣ እነሱ እኮ…»

«ዋስ አስጠራ!»

በሚቀጥለው ሐምሌ ሲመጣ እኔ ሳልሄድ እሱ መጣ። በታንኳ ነው የመጣው። ካፖርቱ ጭቃ ነክቶታል፤ ፊቱም እንደዚያው ነው። አልሳመኝም። ቃለ ጉባኤ ያሉትን ወረቀት ከደረቱ አወጣና እጄ ላይ ጣለው። «ያንብቡት። እኔ ደግሜ ልናገረው አልችልም።»

ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ። አላምረው እንደ መከርኩት በአንድ ትንፋሽ ጠይቋል። ደስ አለኝ። ሚኒስትሩ «ጥያቄው ይመረመራል» ብለዋል። አላምረው «በማር እሰጥ» ብሏል። ሚኒስትሩ «ማር አይስማማኝም» ብለዋል። ከሥሩ «ሳቅ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ አላምረው ሚኒስትሩ ዋስ እንዲጠሩ ጠይቋል። ፕሬዚዳንቱ ደወል ደውለዋል። «ሳቅ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሳቅም ይጻፋል እንዴ?» አልኩት።

«ይጻፋል።»

«ታዲያ የእኛ ልቅሶ ስለ ምን አይጻፍም?»

«ወደ ታች ይሂዱ እቴቴ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

ወደ ታች ሄድኩ። ሚኒስትሩ በዋሱ ነገር ሳይናደዱ አልቀሩም፤ የመንገዱን መዝገብ አስመጥተው ከፊታቸው ዘርግተውታል። እንዲህ ሲሉም አንብበዋል፦ «ቱቦው የተቀበረው የአገሩ ተወላጅ በጠቆመችው ስፍራ ነው። መሐንዲሱ በመጋቢት ወር በቦታው ሲደርስ ያገኛት አጭር፣ ቁጡ፣ የእበት ቅርጫት የያዘች ሴት፣ ውሃው ከግራሩ ሥር እንደሚያልፍ በእጇ አሳይታለች። በጉብታ ላይ ውሃ እንዴት ያልፋል ተብላ ስትጠየቅ፣ ‹የፎገራ ውሃ እንደ እናንተ አገር ውሃ አይደለም› ብላለች።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ናት?» አለኝ አላምረው።

«አጭር ሴት ብዙ ነው።»

«ቁጡስ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እቴቴ!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ!» አልኩት። «ምን ይሁን?»

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ረስቼው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም። በደልን ሲያስመዘግቡ ከራስ መጀመር ስላልተለመደ ነው። እንግዲህ ስሙ። በዚያ ሰሞን መሬት ሊለካ ነው፣ ርስታችን በገመድ ተቆራርሶ ለባዕድ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ሜዳውን አናውጦት ነበር። ሰንሰለት የያዘ ሰው ከመጣ ማንም እውነት እንዳይነግረው ከጎረቤት ጋር ተማምለናል። እኔ እበት እየለቀምኩ ሳለሁ ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ሦስት እግር ያለው መነጽር ተክሏል፤ ሰንሰለቱም ከእግሩ ሥር ተጋድሟል። «እናቴ፣ ውሃው በየት በኩል ያልፋል?» ሲለኝ፣ ጎድጓዳው የአባቴ ርስት ነውና ዓይኑ እንዳያርፍበት ፈራሁ። በሩቁ ደረቅ ጉብታ ታየኝ። ማንም የማያርሰው፣ ቢለኩት የማያሳዝን። ጠቆምኩ። ፈረንጁም የሴት ቃል አክብሮ ጻፈ። በመጋቢት ሜዳው ተሰነጣጥቆ አቧራ ነው፤ ውሃ በየት እንዳለፈ ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? ያን ቀን ማታ ለጎረቤት ሁሉ፣ «ፈረንጁን ጉብታ አስለካሁት!» እያልኩ ስኮራ አመሸሁ። አዎ፣ ኮርቻለሁ። ይህም ይጻፍ።

አላምረው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ምክር ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። በየአዳራሹ ‹ግራዝማች ቱቦ› ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉሃ! ስም ከመጥፋት ቅጽል ይሻላል።»

«አክስቴ ናት የጠቆመችው ብዬ እንዴት ተመልሼ እገባለሁ? ነገሩ አለቀ እቴቴ።»

አለቀ? እውነት ለመናገር ለአንድ ሳምንት ያህል እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ እያቃተተ ሰገድኩ። አዱኛ ሲሰማ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ጥፋቱ የቤታችን ከሆነ ማንን እንጠይቃለን?» ብሎ አህያዋን ገዛ። ጭነት ለመጫን እስከሚመጣው ሰኔ ብቻ እንዲጠብቀኝ ትንሿን የልጅ ልጄን ታቅፌ ለመንኩት። ሰኔ ካለፈ ውሃው ስለሚመጣ መንቀሳቀስ አይችልም፤ እስከዚያ ድረስ ቃሉን ሰጠኝ።

ከስግደቱ ስነሣ ግን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። እኔ ዋሽቻለሁ፤ እሺ። ውሃው ግን አልዋሸም። በየዓመቱ መጥቶ መንገዱ ሥር ተኝቶ «በሬ እዚህ ነበር» ይላል። አንድ ቀን የዋሸሁትን ጽፈው ቱቦ ቀበሩ፤ ስንት ዓመት የጮኽኩትን እውነት ደግሞ «ይመረመራል» ይሉኛል። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከኑሩ ሱቅ ወረቀት ገዛሁ። ኑሩ ልጻፍልዎ አለኝ፤ እምቢ አልኩ፤ እሱ ከጻፈው «በመምጣት ላይ ነው» ብሎ ይጨርሰዋል። በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በአራተኛው እንዲህ አልኩ፦

«ለክቡር ሚኒስትር። የጠቆመችው ሴት እኔ ነኝ። የዋሸሁት መሬት ልትለኩ የመጣችሁ መስሎኝ ነው፤ ለዚህም ንስሐ ገብቻለሁ። አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። አንዲት እበት ለቃሚ አንድ ቀን የዋሸችውን አምኖ ቱቦ የቀበረ መንግሥት፣ ያችው ሴት እውነቱን ከዓመት ዓመት ስትናገር የማያምናት ስለ ምን ነው? ቃሌ የማይታመን ከሆነ ያኔም ባላመናችሁኝ ነበር።»

አላምረው አነበበው። ደገመው። «ይህን በምክር ቤት ላነበው አልችልም» አለኝ።

«ለምን?»

«እርስዎ መሆንዎን ይወቁ?»

«ስሜን ካፈርክበት አትጥራው። ጥያቄውን ግን አንብብ። ምስጋና ከጨመርክበት ግን በሚመጣው ምርጫ ዓሣውን እመርጣለሁ።»

ሳይሰናበተኝ ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ውሃው በዚያም ዓመት እስከ ታኅሣሥ ቆመ። ጥር ሄደ፣ መጋቢት ሄደ። በየገበያው ቀን ኑሩ ሱቅ እሄዳለሁ። «ደብዳቤ?» ስለው፣ «ማክሰኞ…» ሊል ይጀምርና ዘንጌን አይቶ ይተወዋል። ግንቦት አለቀ። አዱኛ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በቆዳ እየጠቀለለ ከደጃፍ ደረደረ። ምራቴ ድስቶቹን በገለባ እየሞላች አለቀሰች። የልጅ ልጆቼ ሑመራ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አህያዋ ላይ ማን ይቀመጥ እያሉ ይጣላሉ።

ሰኔ ሲገባ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ኑሩ ራሱ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። ሸማውን ሰብስቦ ይዞታል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል። «እማማ! ከአዲስ አበባ! አውቶቡሱ አሁን አደረሰው!»

«ከፍተኸዋል?»

«እኔ? በአላህ! ትንሽ ነው ያየሁት። ጥሩ ነው፣ ያንብቡት።»

አዱኛ ዕቃ የሚያስርበትን ገመድ ይዞ ቆመ። ምራቴ ድስት ይዛ ቆመች። ደብዳቤው ከአላምረው ነው። ጣቴን እያስከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«እቴቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ምስጋና ሳልጨምር ቃል በቃል አነበብኩ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሳቁ ቀነሰ። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤውም ሳቅ አልጻፈም። ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ የመለሱት መልስ ይህ ነው…»

«በዪ እንጂ እማዬ!» አለ አዱኛ።

ቀጥሎ ያለውን ዝግ ብዬ አነበብኩ፦ «የተከበሩት እንደራሴ ላቀረቡት ጥያቄ መልሱ የሚከተለው ነው። መሐንዲሱን በበጋ መላካችን ስህተት ነበር። ሌላ መሐንዲስ በመጪው ነሐሴ፣ ጎርፉ ሜዳው ላይ ሳለ፣ ወደ ፎገራ ይላካል። መንገዱን በታንኳ እየዞረ ያያል። አዲሱ ቱቦ ከመስቀል በኋላ ይቀበራል። መሐንዲሱ ሰው አይጠይቅም፤ ውሃውን ይከተላል።»